የአርሲ ደጋ አዝርዕትና ውስጣዊ ጥበቃቸው

በጥቅምትና በኅዳር ወራት፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ፣ ከጭላሎና ከጋላማ ተራሮች የሚወርደው ብርድ በሌሙና ቢልቢሎ፣ በዲገሉና ጢጆ ማሳዎች ላይ ተኝቶ ሲያድር፣ ንጋት ላይ በገብሱ ጢም ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሮ ይታያል፤ ወዲያውም ፀሐይ ብቅ ብላ፣ ደመናም ጉምም ሳይጋርዳት በሙሉ ኃይሏ ስታበራ፣ ተመልካች ሁሉ ገብሱ ከመከራው ተገላገለ ብሎ ደስ ይለዋል። የዕፅዋትን ባሕርይ የመረመሩ ሊቃውንት የሚያስተምሩን ግን፣ ለቅጠሉ እጅግ አስጨናቂ ከሆኑት ሰዓታት አንዱ ያው ውርጩ የሚቀልጥበት፣ ብርሃኑ በርትቶ ሙቀቱ ገና ያልደረሰበት የማለዳ ሰዓት መሆኑን ነው። ገበሬው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ማሳው ወርዶ ቅጠሉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ ሲያገላብጠው፣ ጫፉ ነጥቶ፣ ከጫፉ በታች ያለውም ልምላሜውን ለቅቆ ሲያገኘው «ውርጭ መታው» ይላል። አነጋገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቺዎቹ አንዱ ብርድ ሲሆን ሁለተኛው ብርሃን፣ ሦስተኛውም ሰውና እንስሳ፣ ተክልም ጭምር የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ አዝርዕቱ ይህን ጉዳት የሚቋቋሙባቸው፣ በየሕዋሱ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ምን እንደሚሠሩ ብቻ አይደለም። ሥራቸው በባዕድ ሀገር ቤተ ሙከራ ተለክቶ በመጽሐፍ የተጻፈልን እነዚህ ፕሮቲኖች፣ በአርሲ ደጋ ላይ፣ በአርሲ ብርድና በአርሲ ፀሐይ፣ በራሳችን ልጆች እጅ ሊለኩ ይገባል የሚለውን ጽኑ እምነቴን ጭምር ለማቅረብ ነው።

ቅጠል ለምልሞ የሚታየው ክሎሮፊል የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም ስለ ያዘ ነው። ይህ ቀለም የፀሐይን ብርሃን በተቀበለ ጊዜ፣ ኤሌክትሮን የሚባለው እጅግ ረቂቅ ነገር ከውኃ ተነጥሎ ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይሄድና፣ በመጨረሻ ከአየር በተገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ውሎ ስኳር ለመሥራት ያገለግላል። አሠራሩ በደቦ ነዶ የሚያቀባብሉ ሰዎችን ይመስላል፤ ከማሳው እስከ አውድማው የተሰለፈው ሰው እጅ ለእጅ ሲቀባበል ሥራው ይሰምራል፣ በመጨረሻ የቆሙት ግን እጃቸው በብርድ ደንዝዞ ቢዘገዩ፣ ከኋላ የሚመጣው ነዶ አይቆምምና ተቀባይ ያጣው መሬት ላይ ይወድቃል። ብርሃንን የሚቀበለው የቅጠሉ ክፍል በብርድ ምክንያት እምብዛም አይዘገይም፤ ስኳር የሚሠሩት ኢንዛይሞች ግን ቅዝቃዜ ሲያገኛቸው ይለግማሉ፤ ስለዚህ መድረሻ ያጣው ኤሌክትሮን በአቅራቢያው ወዳለው ኦክሲጅን ይዞራል። ክሎሮፕላስት የሚባለው፣ ክሎሮፊሉን የያዘው የሕዋስ ክፍል ብርሃን ባገኘ ጊዜ ኦክሲጅንን ወደ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ መለወጥ እንደሚችል ሜለር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ካሳየ ወዲህ ነገሩ በብዙ ሀገር ሲመረመር ቆይቷል።

አባቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው፣ ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት ተገኝቶ፣ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑት በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው መኖራቸውን እያደነቁ ያስተምሩ ነበር። የዛሬው ዕውቀት ስለ ንጥረ ነገሮች የሚናገረው ሌላ ቢሆንም፣ ያ አድናቆት ዛሬም ቦታውን የለቀቀ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በአንዲት ቅጠል ውስጥ ሕይወትን የሚያኖረውና ሕይወትን የሚያቃጥለው በአንድ ማደሪያ ተቀምጠው ይገኛሉ። አንድ ኤሌክትሮን የተጨመረበት ኦክሲጅን ሱፐርኦክሳይድ ይባላል፤ ከእርሱ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይወለዳል፤ ፔሮክሳይዱም ነጻ ብረት ባገኘ ጊዜ ከሁሉ የከፋውን፣ ያገኘውን ሁሉ የሚፈጀውን የሃይድሮክሲል ቅንጣት ያስገኛል። እነዚህ የሕዋሱን ስስ የስብ ሽፋን ይበሳሉ፣ ፕሮቲኑን ያበላሻሉ፣ የዘር መልእክት የተጻፈበትን ዲኤንኤ ሳይቀር ይጎዳሉ። ገበሬው በጣቱ ይዞ ያየው ንጣት የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ነው።

ተክሉ ግን ያለ ጠባቂ አልተተወም። የመጀመሪያው ጠባቂ ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1969 ያስታወቁት፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ሥራው ሱፐርኦክሳይድን ተቀብሎ ወደ ኦክሲጅንና ወደ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ መለወጥ ነው። ፔሮክሳይዱም ራሱ አደገኛ ስለ ሆነ ሌሎች ይረከቡታል፤ ካታሌዝ ወደ ውኃና ወደ ኦክሲጅን ይመልሰዋል፤ በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ደግሞ አስኮርቤት ፔሮክሲዴዝ የሚባለው፣ እኛ ከብርቱካንና ከሎሚ የምናገኘውን ቫይታሚን ሲ መሣሪያ አድርጎ ወደ ውኃ ይለውጠዋል። የተሠራበት ቫይታሚን እንዲሁ ባክኖ እንዳይቀር ግሉታታዮን የሚባለው ቅመም ይመልሰዋል፣ ግሉታታዮንንም ሌላ ፕሮቲን ያድሰዋል፤ ይህም ዑደት በመረመሩት በእንግሊዛውያኑ በፎየርና በሃሊዌል፣ በጃፓናዊውም በአሳዳ ስም ይጠራል። አንዱ ለሌላው ኤሌክትሮን እየሰጠ፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ሊቃውንቱ በጠቅላላው ሪዶክስ ፕሮቲኖች ይሏቸዋል። ከእነዚህ መካከል ካታሌዝን ለይቼ ላነሣ እወዳለሁ፤ ይህ ጠባቂ ራሱ በብርቱ ብርሃን የሚጎዳ ስለ ሆነ ተክሉ ሳያቋርጥ በአዲስ ሊተካው ግድ ነው፣ ብርድ ሲበረታ ደግሞ መተካቱ ይዘገያል። እንግዲህ በአርሲ ደጋ ያለው የበቆጂ ገብስ በውርጭ ማግስት ማለዳ ጠላቱ ሲበዛበት ወታደሩ ያንስበታል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ታዮሬዶክሲን የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። በላዩ ሁለት የሰልፈር ክንዶች አሉት፤ በእነዚህ ክንዶች ኤሌክትሮን ተሸክሞ በሌላው ፕሮቲን ላይ የተቆለፈውን የሰልፈር ማሰሪያ ይፈታል፤ ሲነጋ በብርሃን ኃይል ስኳር ሠሪዎቹን ኢንዛይሞች ቀስቅሶ ለሥራ ያሰማራል፣ ሲመሽ ያሳርፋል፤ ፔሮክሳይድን የሚያጠፉትን ፔሮክሲሬዶክሲን የተባሉትንም ከሠሩ በኋላ እንደ ገና ያድሳቸዋል። ይህ ፕሮቲን መጀመሪያ በባክቴሪያ ውስጥ ተገኝቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 በስዊድን ሀገር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በአሰላ ካዱ የተባለውን የጭላሎ አውራጃ የግብርና ልማት ድርጅት አቋቋሙ። የስዊድን ባለሙያዎች ማረሻና የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዘው ወደ ጭላሎ ሲመጡ፣ በሀገራቸው ቤተ ሙከራ የተገኘው ያ ረቂቅ ዕውቀት አብሮ መምጣት የሚችልበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር። ዛሬ ግን ደርሷል፤ ደርሶም ሳለ ወደ ማሳችን አለመውረዱ ያሳዝነኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ብርድ ነው፤ የጠባቂዎቹ ሥራ ግን በበሽታም ፊት ይታያል። የአርሲ ስንዴ ታሪክ ዋግ ከሚባለው የፈንገስ በሽታ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እንኮይ የተባለው ዝርያ ብዙ ዘመን ገበሬውን ካገለገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993ና በ1994 በግንድ ዋግ ወደቀ። ኩብሳና ጋላማ የተባሉ ዝርያዎች ተተክተው ደጋውን ሁሉ ከሸፈኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መታቸው፤ ቅጠሉን የነካ ሰው እጁ ብርቱካንማ ዱቄት እየሆነ ይመለስ ነበር። ከዚያም ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለው፣ ዲገሉ የሚባል ዝርያ በብዙ ማሳ ተዘራ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ሊታጨድ የደረሰውን እህል ገለባ አድርጎ አስቀረው። ይህ ሁሉ የሆነው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሠራተኞች ሰንፈው አይደለም፤ ለስንዴ ምርምራችን መሪ የሆነው ይህ ማዕከል ከአሰላ አቅራቢያ ሆኖ ለሀገሪቱ ያደረገው ውለታ በቀላሉ ተነግሮ አያልቅም። ችግሩ በአንድ ዘረ መል ብቻ የቆመ መከላከያ፣ ፈንገሱ ከዚያ ከአንዱ የሚያመልጥበትን መንገድ ባገኘ ቀን፣ በአንድ ጊዜ መፍረሱ ነው። ከዚህ የተነሣ ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ዋጉን ፈጽሞ ባያጠፋም የሚያዳክም፣ ረጅም ዘመን የሚኖር መከላከያ በዓለም ሁሉ ይፈለጋል።

በዚህም ፍለጋ ከተገኙት አንዱ የሪዶክስ ፕሮቲኖችን ምሥጢር በግልጥ ያሳየናል። ኤመር የሚባለው የስንዴ ወገን በዱር ከሚበቅለው ዘመዱ የተወሰደ፣ ዋይአር 36 የሚባል ዘረ መል አለ፤ ማንነቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታወቀ፣ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2015 ተገለጠ። ይህ ዘረ መል የሚያሠራው ፕሮቲን ቢጫ ዋግን በቀጥታ አይወጋም። ወደ ክሎሮፕላስቱ ገብቶ ከላይ የጠቀስሁትን አስኮርቤት ፔሮክሲዴዝን፣ የራሱን የተክሉን ጠባቂ፣ ያዳክመዋል፤ ጠባቂው ሲዳከም ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ በቅጠሉ ውስጥ ይጨምራል፤ በዚህም ዋጉ የሰፈረበት ሕዋስ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ በሕይወት ካለ ሕዋስ በቀር ሌላ ምግብ የማያውቀው ዋግም ይራባል። ተክሉ ከጥቂቱ ቅጠሉ ሰጥቶ የቀረውን ያድናል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ስለ ጠባቂዎቹ ያለንን አስተሳሰብ እንዴት እንደሚለውጥ ተመልከት። ያ አደገኛ ፔሮክሳይድ ለተክሉ የጦር መሣሪያና የመልእክት ድምፅም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ጠባቂዎቹን ማብዛት ብቻ መልካም ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ውርጭን በብርቱ ጠባቂ የሚቋቋም ተክል በዋግ ፊት የሚያስፈልገውን የፔሮክሳይድ ብልጭታ ሊያጣ ይችላል፤ በዋግ ፊት ፈጥኖ ፔሮክሳይድ የሚያነሣ ደግሞ በውርጭ ማለዳ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ዋይአር 36 በይበልጥ የሚበረታው አየሩ ሞቅ ባለበት፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነበት ጊዜ መሆኑንም ልብ እንበል፤ ሌሊቱ እንዲያ የሚቀዘቅዝ የበቆጂ ማሳ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል? በካሊፎርኒያ ወይም በሜዲትራኒያን ዳር የተለካው ልክ ለአርሲ ደጋ ልክ ሊሆን አይችልም የምለው ስለዚህ ነው። ብርዱ፣ ፀሐዩና ዋጉ በአንድ ማሳ ላይ የሚገናኙበት ልክ የሚታወቀው በዚያው ማሳ ሲለካ ነው።

ደግሞም ለዚህ ጥናት ባለ ሀብቶቹ እኛው ነን። በጠላት ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937ና በ1938፣ የጀርመን ዘር ሰብሳቢዎች በኢትዮጵያ ምድር ተዘዋውረው ከወሰዷቸው የሀገር ገብሶች መካከል፣ አመዳይ የሚባለው ነጭ የቅጠል ሻጋታ የማይደፍራቸው ተገኙ። ኤምኤልኦ ተብሎ የታወቀው ያ የመከላከያ ባሕርይ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይፈርስ ይሠራል፤ ከዘመናት የአንድ ዘረ መል መከላከያዎች መካከል ይህን ያህል የጸና ማግኘት ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይኸው ሻጋታ በገብስ ቅጠል ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ሲመረምሩ፣ ሻጋታው ሊበሳ በሞከረባት ነጥብ ላይ የሕዋሱ ግድግዳ ወፍሮ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ተከማችቶ አገኙ።

ይህን ያዩበት ዘዴ ከውድ መሣሪያ ይልቅ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ስለ ሆነ ልተርከው። ቅጠሉ ተቆርጦ ዳያሚኖቤንዚዲን የሚባል ኬሚካል በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ይቆማል፤ ኬሚካሉ መርዝነት ስላለው ሠራተኛው ጓንት ሊያደርግ ይገባል፤ ከዚያም ቅጠሉ በሞቀ አልኮል ውስጥ ሲገባ አረንጓዴው ቀለም እየታጠበ ይሄድና ቅጠሉ እንደ ቀጭን ሰም ወረቀት ነጥቶ ይቀራል፤ በዚያ ንጣት ላይ ፔሮክሳይድ በነበረበት ሥፍራ ሁሉ ቡናማ ነጥብ ተተክሎ ይታያል። ከሀገሬው ጥቁር ገብስ የተወሰደና ከአዲስ ዝርያ የተወሰደ ቅጠል በአንድ ውርጭ ማለዳ ተቆርጠው፣ ጎን ለጎን በአንድ ሳሕን ላይ ሲቀመጡ፣ የቱ ውስጡ እንደ ተቃጠለ፣ የቱም እንዳልተነካ የተማሪ ዐይን ሊፈርደው ይችላል። የሚያስፈልገው ኬሚካሉ፣ አልኮሉ፣ የሚያሞቀው ውኃና ለማየት የሚረዳ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ በአሰላ ይህን ማግኘት አይቻልም የሚል ሰው አይኖርም።

የዘሩንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1996 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ፔሮክሲሬዶክሲንን በገብስ ፍሬ ውስጥ፣ በፅንሱና ከልጡ በታች ባለው ስስ ሽፋን ላይ አግኝተውታል። ደርቆ በጎተራ የሚቆየው ዘር ከዓመት ዓመት በሕይወት እንዲኖር እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች ይረዱታል ተብሎ ይታሰባል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከአርሲ ገበሬ የሚቀበለው ገብስ ሲበቅል ደግሞ ታዮሬዶክሲን የተቋጠረውን የፕሮቲን ማሰሪያ እየፈታ ስታርቹ በቶሎ እንዲፈርስ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ፕሮቲን በገብስ ውስጥ አብዝተው ስታርች ፈራሹ ኢንዛይም እንደ በረታ አሳይተዋል። ስለ ብቅል ጥራት የሚጨነቅ ነጋዴም እንግዲህ የዚህ ዕውቀት ባለ ጉዳይ ነው።

ስለ አፈሩም ጥቂት ቃል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ያለ ማዕድን አይሠራም፤ አንዱ ወገን መዳብና ዚንክ፣ ሌላው ማንጋኒዝ፣ ሦስተኛው ብረት ይሻል። ለብዙ ዓመታት ማዳበሪያ ማለት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሆኖ ሲኖር፣ አፈሩ ዚንክ ቢያጥረውም የሚጠይቅ አልነበረም፤ ኋላ የአፈር ካርታ ተሠርቶ ዚንክና ቦሮን ያለበት ማዳበሪያ መምጣቱ መልካም ሥራ ነው። በደጋው ብዙ ቦታ አፈሩ ኮምጥጦ አሉሚኒየም ሥሩን ሲያቆስለው በሥሩ ጫፍ የሚነሣውም ያው የኦክሲጅን ቃጠሎ ነው፤ ኖራ የሚበተንበት ማሳ ተክሉን ከዚህ ቃጠሎ ያሳርፈዋል።

«ሕዝቡ እንጀራ በሚፈልግበት ጊዜ ስለ ረቂቅ ፕሮቲን መነጋገር ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ፤ በቅን ልቡና እንደሚናገሩም አውቃለሁ። እኔ ግን የምመልሰው እንዲህ ነው። አንድ አዲስ የስንዴ ዝርያ ከማዳቀል እስከ መለቀቅ ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ያ ዝርያ በአንድ መኸር ቢወድቅ ዕዳውን የሚከፍለው ማዳበሪያውን በብድር የወሰደው ገበሬ ነው። ከመለቀቁ በፊት ውስጣዊ ጥበቃው ቢለካ፣ በውርጭም በዋግም ፊት የሚያሳየው ልክ ቢመዘገብ፣ ከዐሥሩ ዓመት ጥቂቱ እንኳ ሊድን፣ ከሚወድቁትም አንዳንዱ ሳይለቀቅ ሊታወቅ ይችላል። በሌላ በኩል ስንዴው ገብሱን እየገፋ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ አሩሶን የመሰሉ የአርሲና የባሌ ደጋ ገብሶች ከማሳው እየጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ርዳታ የተቋቋመው፣ በዶክተር መላኩ ወረደ አመራርም በዓለም የታወቀው የዘር ባንካችን ብዙዎቹን በብርድ ክፍል አኑሯል፤ ነገር ግን በከረጢት የተቀመጠ ዘር ውርጭን እንዴት እንደሚቋቋም ራሱ አይናገርም። ተዘርቶ፣ ብርድ መትቶት፣ ቅጠሉ ተቆርጦ መታየት አለበት።

የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የቁሉምሳ ባለሙያዎች አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ከዚህ ይጀምራል። ቁሉምሳ በበቆጂ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ፣ ንዑስ ጣቢያ አለው። ከዘር ባንኩ የአርሲ ገብሶች ተመርጠው ከተለቀቁት ዝርያዎች ጋር በሰኔ ጎን ለጎን ይዘሩ፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በወረደ ማግስት፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቅጠል ይቆረጥ፤ ቡናማው ነጥብ ይቆጠር፤ የካታሌዝና የአስኮርቤት ፔሮክሲዴዝ ኃይል ይለካ፤ ገበሬዎችም ተጠርተው የትኛው ገብስ ከውርጭ በኋላ እንደሚነሣ ከልምዳቸው የሚያውቁትን ይናገሩ፣ የተናገሩትም ከመለኪያው ጎን ይጻፍ። የዋጉ ቁጥር በሚመዘገብበት መዝገብ ላይ ለዚህ አንድ ዓምድ ብቻ ይጨመር።